ከወገብ ዲስክ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጎንበስ ሳይሉ እንዴት ይኖራል?

ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ምክር አጭር ነበር። «ጎንበስ እንዳትዪ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ ወገብሽን እንዳትጠመዝዢ።» ምክሩ ትክክል ነው። ግን እኛ ቤት ውስጥ ጎንበስ ሳይባል የሚሠራው ምንድን ነው? ረከቦቱ መሬት ላይ ነው። የልብስ ማጠቢያው ሳፋ መሬት ላይ ነው። ጄሪካኑ፣ መጥረጊያው፣ የከሰል ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ሁሉም ዝቅ ያለ ነው። ቀዶ ሕክምናው የጥቂት ሰዓት ጉዳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ያቀለለልኝ ግን የቤቴን ዕቃ ከፍ ማድረጌ ነው። ስለዚህ ሕክምናውንም እነግራችኋለሁ፤ በደንብ የምዘረዝረው ግን የቤቱን ነገር ነው።

ሐዋሳ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለትዳርና የልጆች እናት ነኝ። እንጀራዬ ተቀምጦ መዋል ነው። ወገቤ ለዓመታት ሲይዘኝ ሲለቀኝ ኖሯል። ጋደም ስል ይሻለኛል፣ ሲነጋ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። በኋላ የመጣው ግን ሌላ ሕመም ነበር። ከቀኝ መቀመጫዬ ይነሳና በጭኔ ኋላ፣ በባቴ ጎን ወርዶ እስከ እግሬ አውራ ጣት ይነዝረኛል። ሳስል ይብሳል፣ ሳስነጥስ ይብሳል። ብዙ ከተቀመጥኩማ አያድርስ ነው። ሲሰነብት ደግሞ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ስረግጥ የጣቴ ጫፍ አልሰማ አለኝ። ነጠላ ጫማዬ ሳላውቀው ከእግሬ ወልቆ ከኋላዬ ይቀር ጀመር።

ለሐኪሙ ብዙ የነገረው ይህ የጫማው ነገር ነው። «በተረከዝሽ ብቻ ቆመሽ ተራመጂ» አለኝ። በግራዬ ቻልኩ፤ የቀኝ እግሬ ጣቶች ግን አልነሳ አሉ። ከዚያ በጀርባዬ አስተኝቶ እግሬን ሳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ ሲያነሳው ገና ግማሽ ሳይደርስ ጮህኩ። እነዚህ ምርመራዎች ምንም ማሽን አይፈልጉም። እናንተም ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ወገቤን ያመኛል» ብላችሁ ብቻ እንዳትመለሱ። ወደ እግር የሚወርድ ነገር ካለ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ በጣታችሁ አሳዩ። የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ ተናገሩ። የትኛው ነርቭ እንደተጫነ ለሐኪሙ ፍንጭ የሚሰጠው እሱ ነው።

በአከርካሪያችን አጥንቶች መካከል 23 ዲስኮች አሉ። ዲስክ ውጭው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳና ዝልግልግ ነው። ውጭው ሲሰነጠቅ የውስጡ ይወጣና አጠገቡ የሚያልፈውን የነርቭ ሥር ይጫናል። «ዲስክ ተንሸራተተ» የሚባለው ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዱት የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው። ሐኪሞች ኤል4-ኤል5 እና ኤል5-ኤስ1 ይሏቸዋል። የእኔ ኤል4-ኤል5 ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የዲስክ ቀዶ ሕክምና በዋናነት የሚያክመው እግርን ነው። የተጫነው ነርቭ ሲለቀቅ ወደ እግር የሚወርደው ሕመም ይተዋል። ሕመሙ ወገብ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ዲስኩን ማውጣት ብዙ ጊዜ የተጠበቀውን አያመጣም። ይህን ሳይነገራቸው የገቡ ሰዎች በኋላ «ወገቤ አሁንም ያመኛል፣ አልተሳካም» ብለው ተስፋ ሲቆርጡ አይቻለሁ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም እግራቸው እኮ ድኗል።

ስለ ኤምአርአይም ትንሽ ልበል። ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክን አያሳይም፤ ዲስክንና ነርቭን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ አትደንግጡ። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ተመርምረው፣ 40 ዓመት ገደማ ከሆናቸው ግማሽ ያህሉ ላይ ያበጠ ዲስክ ታይቷል። ስለዚህ ፎቶው ከሕመማችሁ ጋር መግጠም አለበት። የግራ እግሩን እያመመው ፎቶው የቀኙን ቢያሳይ ሐኪሙ ቆም ብሎ ያስባል።

ደግሞ ሁሉም ዲስክ ያለበት ሰው አይቀደድም። አብዛኛው ከዲስክ የሚመጣ የእግር ሕመም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና እየተሻለው ይሄዳል። የወጣውን ቁራጭ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ሊያሟሟው ይችላል። ሐኪማችሁ «ትንሽ እንጠብቅ» ካላችሁ ቸል ማለቱ አይደለም። በእነዚያ ሳምንታት ግን አልጋ ላይ መዋል አይደለም የሚረዳው። አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ይበቃል፤ ከዚያ የቻሉትን ያህል መራመድ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ በሆዴ ተኝቼ በክርኔ ደረቴን ቀና የማደርግበትን እንቅስቃሴ አስተማረኝ። «ሕመሙ ከእግርሽ ወጥቶ ወደ ወገብሽ ከተሰበሰበ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጥዪ። ወደታች ከወረደ አቁሚ» ብሎኛል። ይህ ምክር ለሁሉም ባይሠራም ለብዙዎች መመሪያ ይሆናል።

የወጌሻን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። አክስቴ ከይርጋለም መጥታ «ወጌሻ ይይሽ» ብላ ሞገተችኝ። ላስቀይማት አልፈለግኩም። «ይዩኝ፣ ግን አልታሽም» አልኳት። ወጌሻው ቤት ድረስ መጡ። እግሬን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «እስቲ አውራ ጣትሽን ቀና አድርጊ» አሉኝ። እንዳልቻልኩ ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም ልጄ። ነርቭ ነው። ሐኪም ይየው» አሉ። ዕድሜ ይስጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ራሷ የቀጠሮዬን ቀን ታስታውሰኝ ጀመር። ሁሉም እንደሳቸው አይደለም። የወጣ ዲስክ በእጅ ተገፍቶ ወደ ቦታው አይመለስም። ጀርባ ላይ በኃይል ማሸት፣ መርገጥ፣ ወገብን ማጠማዘዝ የተጫነውን ነርቭ ሊያባብሰው ይችላል። እባካችሁ አትሞክሩት።

ወንዶ ገነት ፍል ውሃም የሄድኩበት ጊዜ አለ። ሙቀቱ የተወጠረውን ጡንቻ ያላላል፤ ያን ቀን ማታ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ። ከነርቭ ላይ ዲስክ ያነሳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይድን ውሃ ውስጥ መነከር አይፈቀድም። ጠበልም ቢሆን ቁስሉ ላይ እንዳይፈስ አድርጉ፤ መጠጣቱን የሚከለክላችሁ የለም።

መድኃኒት ላይ የማየው ነገር ያስፈራኛል። ፋርማሲ ገብቶ «የወገብ መርፌ» ብሎ ዳይክሎፌናክ መወጋት የተለመደ ሆኗል። ዳይክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ያስታግሳሉ፤ ግን ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊትን ይጨምራሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም። እኛ አገር ጨጓራ የሌለበት ሰው ስንት ነው? ጨጓራ፣ ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ ሰዎች ሐኪም ሳያውቅ እንዳትጀምሩ። ዴክሳሜታሶን በየጊዜው መወጋት ደግሞ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል። የቢ ቫይታሚን መርፌም እጥረቱ ላለበት ነው እንጂ ዲስክን አያነሳም።

አሁን የምጽፈውን ሌላውን ብትዘሉ እንኳ አንብቡት። ሽንት ወይም ሰገራ ማምለጥ ከጀመረ፣ ሽንት አልወጣ ካለ፣ በመቀመጫችሁና በብልታችሁ አካባቢ ከደነዘዛችሁ፣ ሁለቱም እግሮቻችሁ እየከዷችሁ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህ ከቀናት ይልቅ በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። የአከርካሪ ቲቢ አለ። ካልተፈላ ወተት የሚይዘው ብሩሴሎሲስም ወገብን ያማል። ሁለቱም በመድኃኒት የሚታከሙ ናቸው፤ ግን መመርመር አለባቸው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጠበቅኩ፣ ተራመድኩ፣ ፊዚዮቴራፒውን ሠራሁ። ሕመሙ አልቀነሰም፤ እግሬም እየደከመ ሄደ። ሐኪሙ «ሕመሙ ብቻ ቢሆን ምርጫው ያንቺ ነበር። የእግርሽ ጉልበት እየቀነሰ ከሆነ ግን ብዙ መጠበቅ ጥሩ አይደለም» አለኝ። ወሰንኩ። ያኔ ደግሞ ሰፈሩ ተነሳ። «አከርካሪ ተነክቶ ማን ቆሞ ሄደ?» «ሽባ ትሆኛለሽ!» ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔም ሌሊት ሌሊት እሱን ሳስብ አድሬያለሁ። ያረጋጋኝ ሐኪሙ በፕላስቲክ አጽም ላይ ያሳየኝ ነገር ነው። ዋናው የአከርካሪ ገመድ የሚያልቀው ከላይ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች የሚወርዱት የነርቭ ሥሮች ናቸው። የእኔ ዲስክ ያለው ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ነው። አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስ፣ የነርቭ ሽፋን መቀደድ፣ ዲስኩ እንደገና መውጣት ሊያጋጥም ይችላል። ሐኪማችሁን እያንዳንዱን ጠይቁት፤ ጥሩ ሐኪም ሲጠየቅ አይቆጣም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የዕቁብ ሰዎቼ ተራዬ ሳይደርስ ዕጣውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ውለታቸውን መቼም አልረሳም።

ቀዶ ሕክምናው የተሠራው አዲስ አበባ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፣ በሆድ ያስተኛሉ፣ ነርቩን የተጫነውን ቁራጭ ያወጣሉ። ዲስኩ በሙሉ አይወጣም። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ብረትም አይገባም፤ ብረት የሚገባው ለሌላ ዓይነት ችግር ነው። ቁስሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ስነቃ መጀመሪያ ያደረግኩት እግሬን መፈለግ ነው። ንዝረቱ የለም። አለቀስኩ። በማግስቱ ነርሷ ደግፋኝ ቆምኩ፣ ኮሪደሩን ሄድኩ።

ወደ ሐዋሳ መመለሱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባስ አይሆንም። የዘመድ መኪና ለምነን፣ የፊተኛውን ወንበር ወደኋላ አስተኝተን፣ ወገቤ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርገን ሄድን። ባልቤቴ ሰዓት እየያዘ በየመሃሉ ያወርደኛል፤ ባቱም ሻሸመኔም ላይ ወርጄ ወዲያ ወዲህ ብያለሁ። ከመኪና አወጣጡን ነርሷ አስተምራኝ ነበር። መጀመሪያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ወደ ውጭ ማዞር፣ ከዚያ በክንድ ገፍቶ መነሳት። ባጃጅ ላይም ያው ነው፤ ስትገቡ በመቀመጫችሁ ቀድማችሁ ተቀመጡ፣ ከዚያ እግራችሁን አስገቡ። ባለ ባጃጁን «ወንድሜ፣ ወገቤን ታክሜ ነው፣ ጉብታው ላይ ቀስ በልልኝ» ብትሉት እምቢ የሚል አላጋጠመኝም።

አሁን ቤት ገባን።

አልጋ። «መሬት ላይ ተኚ፣ ወገብ ደረቅ ነገር ይወዳል» ይላሉ። ሐኪሜ አልመከረኝም። መሬት ላይ መተኛት ሳይሆን ከመሬት መነሳት ነው ሰው የሚገድለው። እኛ ያደረግነው ከአልጋው አራት እግሮች ሥር ብሎኬት አስገብተን ከፍ ማድረግ ነው። ጫፉ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከዳሌዬ በታች እንዲሆን። ስነሳ በጀርባዬ ቀጥ ብዬ አልነሳም። ትከሻዬንና ዳሌዬን አንድ ላይ እንደ ግንድ ወደ ጎን አንከባልላለሁ፣ እግሮቼን አወርዳለሁ፣ በክንዴ ራሴን እገፋለሁ። በጎን ስተኛ ጉልበቶቼ መካከል ትራስ አደርጋለሁ። ይህን አነሳስ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተለማመዱት። በኋላ በሕመም መሃል መማር ከባድ ነው።

ሽንት ቤት። የእኛ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አፍሬ ለሐኪም አልተናገርኩም ነበር። ችግሩን የፈታው ባልቤቴ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ገዛ፤ መቀመጫውን በመጋዝ ክብ አድርጎ ቆረጠና ጠርዙን በጨርቅ ጠቀለለው። ጉድጓዱ ላይ ሲያስቀምጠው እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ከሥር የጎማ ቁራጭ አደረገለት። ግድግዳው ላይ ደግሞ መያዣ ብረት አስመታ። ለመላው የማገገሚያ ጊዜዬ ከወጣው ወጪ ሁሉ የተሻለ ዋጋ ያለው ይህ ወንበር ነው። ሌላም አለ። ትራማዶልና መሰል ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፣ ማማጥ ደግሞ ወገብን ይገድላል። ውሃ አብዝታችሁ ጠጡ። ተልባና ፓፓያ እኔን ረድተውኛል። በሦስት ቀን ካልወጣ ለሐኪም ንገሩ።

ውሃ። 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው። ለእኔ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የተፈቀደልኝ ከሁለት ሦስት ኪሎ አይበልጥም ነበር። ያ ማለት በውሃ የተሞላ ጀበና እንጂ ባልዲ አይደለም። ውሃ በሚመጣበት ቀን ልጆቹ ባለ 5 ሊትሮቹን ሞልተው ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋሉ፤ እኔ በጆግ እቀዳለሁ። የጋዝ ሲሊንደር ባጠገቡም አላለፍኩም።

እንጀራ። በእነዚያ ሳምንታት ገዝተን በላን፤ የዕድር ሴቶችም ጋግረው አመጡ። ስጀምር የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከወለል አንስተን ወገቤ ልክ በሆነ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አደረግነው። ሊጡን ከትልቁ ቡሃቃ ልጄ በትንሽ ዕቃ እየቀዳች ትሰጠኛለች። ዛሬም የምጋግረው ቆሜ ነው። ልብስም እንዲሁ። ሳፋው አግዳሚ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ብርድ ልብስና ጂንስ የሌላ ሰው ነው። መጥረጊያው እጀታው ረጅም ይሁን።

ቡና። አክስቴ ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ቅር ብሏት ነበር። «ቡና እንዲህ ይፈላል?» አለች። ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ እጣኑ ጨሰ፣ አቦል ቶና በረካው ተጠጣ። ከዚያ በኋላ ጉልበቷን ስለሚያማት እሷም ራሷ ቤቷ በርጩማውን ትታ ከፍ ባለ ወንበር ማፍላት ጀምራለች። ጉልበት ያለባችሁ እናቶች ይህን ነገር አስቡበት፤ ከበርጩማ መነሳት ለጉልበት ትልቅ ጫና ነው።

ትንሹ ልጄ መታቀፍ የለመደ ነው። ማንሳትም ማዘልም አይቻልም። እኔ ስቀመጥ እሱ ራሱ ሶፋው ላይ ወጥቶ እቅፌ እንዲገባ አስለመድነው። የመጀመሪያ ቀን አልቅሷል፤ በኋላ ጨዋታ አደረገው።

ጠያቂ። ይህን በፍቅር ነው የምጽፈው፤ ሰው ባይጠይቀኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? ግን እንግዳ ሲመጣ ይሉኝታ አለ። ተነስቼ ተቀመጥኩ፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንዴ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በላይ መቀመጥ ለተቀደደ ወገብ ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ ባልቤቴ በር ላይ ቀድሞ ይናገራል። «ሐኪሙ መቀመጥ ስለከለከላት ተኝታ ነው የምትጫወተው፣ አይክፋችሁ።» ማንም አልከፋውም። ሌላው፣ እጄን ይዘው ሊያነሱኝ የሚጎትቱኝ አሉ። ደግነት ነው፤ ግን ወገብ ይጠመዝዛል። «ክንድዎን ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ፣ እኔ ራሴ እነሳለሁ» ማለት ተማርኩ። ልትጠይቁ የምትሄዱ ሰዎች፣ ሙዝና ጭማቂው መልካም ነው። ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ ግን «ተነሺ፣ እስከ በር አብረን እንራመድ» ማለት ነው።

ቁስሉ ብዙ አላስቸገረኝም። ደረቅ ይሁን፣ ቅቤም ማርም አይነካው። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይነቀላል። ትኩሳት ካለ፣ ቁስሉ ከቀላና መግል ከያዘ፣ ጥርት ያለ ውሃ ከቁስሉ ከፈሰሰ፣ ባት አብጦ ካመመ ቶሎ ወደ ሐኪም። ቀበቶ ግዙ የሚላችሁ ይበዛል። ለእኔ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና አላስፈለገኝም፤ ለረጅም ጊዜ የታሰረ ወገብ ጡንቻው ይሰንፋል።

ዋናው መድኃኒቴ እግር ጉዞ ሆነ። በዚህ ሐዋሳ ታድላለች፤ ሜዳ ናት። መጀመሪያ ከመኝታ ቤት እስከ ግቢው በር። ከዚያ እስከ ሱቁ። ከዚያ አስፋልቱን ይዞ። እየበረታሁ ስሄድ ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ፍቅር ሐይቅ ያሉትን ዛፎች ተከትዬ መሄድ ጀመርኩ። ኮብልስቶኑን ትቼ ለስላሳውን መንገድ እመርጣለሁ። ጥሩ ቀን ከሆነ አሞራ ገደል ድረስ እዘልቃለሁ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው ሲጠብቁ አይና የዓሣ ሾርባዬን ቆሜ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ረጅም አንድ ጉዞ ከማድረግ አጫጭር ብዙ ጉዞ ይሻላል፤ ፊዚዮቴራፒስቱም እንዲሁ ብሎኛል።

ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ደግሞ ስግደቱን ታስባላችሁ። እኔን በጣም ያስጨነቀኝ እሱ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው ከዓቢይ ጾም ጋር ገጠመብኝ። የነፍስ አባቴን አማከርኳቸው። «የታመመ ሰው ስግደት አይጠየቅም፣ ቆመሽ ጸልዪ፣ ሲደክምሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ጾሙንም መድኃኒት ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ እንድተው ነገሩኝ። ማማከር እያለ በራሳችሁ አትጨነቁ። ሙስሊም ጎረቤቴም በተመሳሳይ ሕመም ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድትሰግድ ሼሁ ፈቅደውላታል።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ማገገም ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ ነው። ደህና ሆኜ ሰንብቼ አንድ ጠዋት እግሬ እንደገና ነዘረኝ። አልወደቅኩም፣ ያነሳሁትም ነገር የለም። ምድር ዞረብኝ፤ «ተመልሶ ወጣ» አልኩ። ስልክ ስደውል ሐኪሙ የጠየቀኝ ሦስት ነገር ነው። ሽንትሽ ደህና ነው? እግርሽ ደክሟል? ሕመሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደነበረው ነው? ሁለቱ ደህና፣ ሕመሙም ያነሰ መሆኑን ስነግረው «ነርቩ አብጦ የሰነበተ ስለሆነ ይቆጣል፤ ጉዞውን አሳጥሪ እንጂ አታቁሚ» አለኝ። በቀናት ውስጥ ለቀቀኝ። በእርግጥ ዲስክ እንደገና የሚወጣባቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ እነዚህን ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ።

ያ ሰሞን ብዙ አልቅሻለሁ። ሥራ የለም፣ ገቢ የለም፣ ባልቤቴ ሰው ፊት ባይናገርም ደክሞታል። አስታማሚም ሰው ነው። እህቴ መጥታ ሁለት ሌሊት ተክታው እሱ የተኛ ጊዜ ቤታችን ተቀየረ። ቤተሰብ ውስጥ ተራ አውጡ። ሌላም ሰው አፍሮ የማይጠይቀው አለ፤ ባልና ሚስት መቼ አብረው ይሁኑ? ሐኪሙን ጠይቁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ወገብን በማያስጨንቅ አኳኋን፣ ሕመም እየተሰማ ሳይገፋ ይቻላል ነው የተባልነው።

ሥራ የጀመርኩት በግማሽ ቀን ነው። በእግር የሚረገጠውን መኪና ባለ ሞተር አስደረግኩት። ጠረጴዛው ከፍ አለ፤ ጨርቅ የምቆርጠው ቆሜ ነው። ስልኬ በየግማሽ ሰዓቱ ይጮሃል፣ እነሳለሁ፣ ደንበኛም ቢኖር። ወገቤ ብዙ ስቀመጥ ዛሬም ይይዘኛል። የእግሬ ንዝረት ግን ጠፍቷል፤ በተረከዜም መራመድ ችያለሁ። የቀረኝ የአውራ ጣቴ ድንዛዜ ነው። መጀመሪያ ሕመሙ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ፣ በመጨረሻ ድንዛዜው እንደሚለቅ ተነግሮኛል። የተጎዳ ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከወገብ እስከ አውራ ጣት ያለውን ርቀት ደግሞ እናንተው ለኩት።